አላስቀምጥ ያለኝ እግር

ወገቤንና ዳሌዬን ያመመኝ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። እግሬ ግን ሌላ አመል አመጣ። ቀን፣ ደብረ ታቦር በምሠራበት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ደህና ነኝ፤ አመሻሽ ላይ አረፍ ስል አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ካልተራመድኩ አይተወኝም። እንቅልፍ በጎደለ ቁጥር ጠዋት ወገቤ ብሶበት ይጠብቀኛል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያው ቀና ብሎ ሳያየኝ ማስታገሻ ጻፈልኝ። ስለ እግሬ ስነግረው ፈገግ አለና ሴት ልጅ የምትታመመው ሐሳብ ስታበዛ ነው፣ ሐሳብ ቀንሺ ብሎ አሰናበተኝ። በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ እንደምቀንስ ግን አልጻፈልኝም።

ከዚያ በኋላ ያልመከረኝ የለም። ባለቤቴ፣ ውሃ እንኳ ተነስቶ የማይቀዳው፣ ስፖርት ስለማትሠሪ ነው አለ። እህቱ የሰው ዓይን ነው አለች። ርእሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ እግሬን ሳወዛውዝ አይቶ ቸኮልሽ እንዴ ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ወንዛዬ ሄጄ ፍል ውሃ ተነከርኩ፤ ወገቤን አላላልኝ፣ እግሬ ግን ስመለስ መኪናው ውስጥ ጀመረኝ።

አምና የባለቤቴ አጎት አርፈው ጋፋት አካባቢ ለቅሶ ተቀመጥን። ሲመሽ እግሬ ተነሳብኝ። ቻል ቻል አድርጌ ሲያቅተኝ ወጥቼ ከድንኳኑ ጀርባ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር። የባለቤቴ እህት ተከትላኝ መጥታ ለቤተሰቡ ያለኝን ንቀት ዘረዘረችልኝ። ሟቹ ያልታዘቡኝን እሷ ታዘበችኝ።

ይህን ስትል የሟቹ ባለቤት፣ ጥቁር የለበሱት አሮጊት፣ ከድንኳኑ ወጡ።

«ተያት» አሏት። «እኔም የወጣሁት ለዚሁ ነው።»

እህትየው ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። እሳቸው ክንዴን ይዘው አብረውኝ ሲራመዱ ነገሩኝ፤ ሠላሳ ዓመት ባታቸውን በመቀነት እያሰሩ ነው የተኙት። የወገባቸውን ሕመም የአረምና የአጨዳ ድካም ነው ይሏቸው ነበር። የእግራቸውን ግን እብደት እንዳይባል ለባላቸው እንኳ አልተናገሩም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ስለ ወገባቸው ከሰማች በኋላ፣ «እማማ፣ ሲመሽ አረፍ ሲሉ እግርዎ አላስቀምጥ ይልዎታል?» አለቻቸው።

«ማን ነገረሽ ልጄ?» አሉ ደንግጠው።

ሁለቱ ሕመሞች ብዙ ሴቶች ላይ አብረው እንደሚታዩ፣ እግሩ እንቅልፍ ሲነሳ የወገቡ ሕመም እንደሚበረታ፣ እሱም በተራው እንቅልፍ እንደሚነሳ አስረዳችን። የእኔንም ነገርኳት። ደማችን ሲመረመር የሁለታችንም ብረት አንሶ ተገኘ፤ እግርን አላስቀምጥ ከሚሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው አለችን። መድኃኒት አዘዘችልን።

ወራት ፈጀ፤ እግሬ ረገበ። ወገቤ ጨርሶ ባይለቀኝም ተኝቼ ስለማድር እችለዋለሁ። እሳቸውም ማኅበር ላይ እስኪያልቅ ድረስ ይቀመጣሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን አንዲት ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሰው ታጣ፤ አገሩ መካሪ ጠፍቶበት አይደለም።