በነጠላ ጫፍ የተቋጠረች ንግሥት

ባለፈው ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ እዚህ እንግሊዝ አገር ብሪክስተን ገበያ ወጥቼ አንድ ሻጭ የሮማ ዘመን የነሐስ ሳንቲሞች ዘርግቶ አየሁ። በአንዱ ላይ ሹሩባዋን ማጅራቷ ላይ የጠቀለለች ንግሥት አለች። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። ሳይጠየቅ የሚያረጋግጥ ሰው አልወድም፤ ልቤን ያስደነገጠችው ግን ንግሥቲቱ ነበረች።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም እንዲህ ያለች ነበረችኝ። የሰጡኝ ባተርሲ ሰፈር ቤታቸውን የማጸዳላቸው እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። በአንድ ፊቷ ንግሥት፣ በሌላው የስንዴ ዛላ የያዘች እንስት አምላክ ነበረች። «አረንጓዴውን ዝገት እንዳትነኪው፤ ዕድሜዋ እሱ ነው» ብለውኛል። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ሻንጣ ውስጥ ደበቅኳት። ከማን? ሃክኒ ሰፈር አንድ ክፍል ከምጋራት፣ እህቴ ከምላት ከወይንሸት።

ለኅዳር ጽዮን ሳምንት ሲቀረው ቋጠሮውን ስፈታ ቀላ ያለች፣ የምታብረቀርቅ ሳንቲም ወጣች። አረንጓዴ የሚባል የለም፤ ሹሩባውም ደብዝዟል። ነጠላዬ ታጥቦ ተተኩሷል። ወይንሸት ለውጣብኛለች፣ ያጠበችውም ዱካዋን ልታጠፋ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ የማየው ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ስልክ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ለምን? ቀድማኝ ገብታ ሽንኩርት ከትፋ ጠበቀችኝ፤ ከመቼ ወዲህ? ሥራ ስትሄድ መሳቢያዋን በረበርኩ። ካልሲና የእናቷ ፎቶ ብቻ አገኘሁ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ነጫጭ ለብሰን አውቶቡስ ስንጠብቅ አላስችል አለኝ።

«ሳንቲሜን የት አደረስሻት?»

ሳቀች። «አየሻት እንዴ? ሰርፕራይዝ ላደርግሽ እኮ ነው ዝም ያልኩት! ነጠላሽን ላጥብልሽ ስል አገኘኋት። የማርያምን ምስል ቋጥረሽ ይዘሽ፣ ለበዓሏ እንደዚያ ጠቁራ ትዋል? በሎሚና በጨው ፈተግኳት። እማዬ መስቀሏን እንደዚያ ነው የምታደርገው።»

«ለማን ሸጥሻት?»

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። አውቶቡሱ መጣ፤ እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ።

በማግስቱ ሳንቲሟን አንድ የድሮ ሳንቲም አዋቂ ዘንድ ወሰድኳት። በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አያትና «እውነተኛ ናት፤ ግን ማነው እንዲህ የፈተጋት?» አለኝ። እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ወይንሸት ዕቃዋን ሸክፋ ሄዳለች። በኋላ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር አለችኝ፤ ክፍሉ ግን አልተመለሰችም።

ሲጠረጥሩ መዋል ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ከገበያው ባዶ እጄን ስገባ በር ሥር ፖስታ ጠበቀኝ። ወይንሸት ልጇን ልትድር ነው፤ የጥሪ ካርድ ልካልኛለች። ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን ስፈትሽ ራሴን አገኘሁት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሁን ደግሞ ምን ፈልጋ ይሆን?» የሚል ነበር። ሠርጉ እሑድ ነው፤ እስካሁን እመጣለሁ አላልኳትም።