ልጇን የሰጠችው ኮሪያዊት

ፊልም የሚባል ነገር በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ባላየሁት። የኮሪያ ፊልም ነበር። ስምንት ወር ጠብቄው፣ ሌላውንም ሰው ጠብቁ ብዬ ለፍልፌ፣ ራሴን ቅቤ ተቀብቼ ሄጄ ያየሁት ፊልም። እንዲያ ያለ ቅሌት!

በድርቁ ዓመት ከወሎ አምጥተው አሶሳ አጠገብ ከተሠሩት አምባዎች ባንዱ አሰፈሩን። ባሌ መጠለያው ውስጥ እንዳለን አረፈ። ከልጆቼ አንድ ወንድ ቀረልኝ። ሌሎች አልነበሩሽም ወይ ላለኝ ሰው፣ አልነበሩኝም ማለት ይቀለኛል።

አገሩ ሙቀት ነው፣ ወባ ነው፣ ሣሩ ሰው ይውጣል። እኔ ግን የምፈራው ይኸን አልነበረም። የምፈራው ዝርዝር ነው። ካድሬው ወረቀቱን ይዞ በመጣ ቁጥር ልጄን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ እየጻፉ ይወስዱ ነበርና። የኔ ልጅ ስንመዘገብ ረሀቡ አኮራምቶት አንዲት ፍሬ ስላከለ፣ ዕድሜውን ቀንሼ አሥር ዓመቱ ነው ብዬ አስጻፍኩ። አምነው ጻፉት። ከዚያ በኋላ ማሽላውን ሲበላ ጊዜ ልጁ ተመዘዘ። ወረቀቱ ላይ አሥራ ሦስት ሆኖ ጎጆዬ ሲገባ ጎንበስ ይል ጀመር! ስለዚህ ከሰው ዓይን አራቅሁት። ከማሳው ሁሉ ሩቅ በሆነው ማማ ላይ ዝንጀሮ ይጠብቃል፤ ስብሰባ አይመጣም፤ ሲመሽ በጓሮ ይገባል።

«እማ፣ እስከ መቼ ነው ከዝንጀሮ ጋር የምኖረው?» ይለኛል። «ጓደኞቼ ዘምተው ጫማ አድርገዋል እኮ።»

ጫማ! የሚያስፈራኝ ዝርዝሩ ብቻ አይደለም፣ የልጄም ምላስ ነበር።

መሠረተ ትምህርት የምንማረው በማንጎው ዛፍ ሥር ነው። አስተማሪው መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ሲያስል የሚታጠፍ ቀጭን ሰው ነው። ፊደል ካስቆጠረን በኋላ ቀይ ልባስ ካለው መጽሐፍ ታሪክ ያነብልናል። የኮሪያ ታሪክ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ አንድ ልጅ አላት፤ ወታደሮች እየመጡ ወንድ ልጅ ይለቅማሉ። እሷ ትደብቀዋለች። ድንች የሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ትከተውና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች። ወታደሩ ሲጠይቃት ቢላዋዋን ሳታቆም ትመልስለታለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀሚስ አልብሳ፣ ብርድ ልብስ ሸፍናው፣ ልጄ ታማለች ትላለች። ወታደሩ ብርድ ልብሱን ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ አስተማሪው መጽሐፉን ክድን ያደርግና፣ «ለሳምንት» ይለናል።

እኛ ምን እንሆናለን? ውኃ ስንቀዳ ወሬያችን እሷ፣ ስናርም እሷ። ከጎኔ የምትኖረው ጎረቤቴ ደግሞ ከኔ ትብሳለች። አምስት ልጅ አላት፤ የበኩሩ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

«ያን ብርድ ልብስ ይገልጠዋል ትያለሽ?» ትለኛለች በአጥሩ ላይ።

«አይገልጥም። ይተፋበታል እንጂ አይገልጥም። በሽታ ይፈራሉ።»

«ወላሂ አንቺ ነሽ የጻፍሽው!»

ንባቡ እናትየዋ ልጇን ይዛ ወንዝ ዳር ከደረሰችበት ቦታ ላይ ቆመ። አስተማሪውን ወባ ጣለው፣ ሲድን ደግሞ ክረምት ገባ፣ ማንጎው ሥር ጭቃ ሆነ። እሱ ብቻ ቢሆን ደህና፤ ካድሬው መጥቶ፣ «ያ የምትወዱት ታሪክ በፊልም ተሠርቷል፣ እዚሁ ድረስ መጥቶ ይታያል» አለን። ከዚያ ወዲያ ማን እንቅልፍ ይተኛል! መጀመሪያ ዝናቡ ይቁም ተባለ። ዝናቡ ቆመ፤ መኪናው ባምባሲ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቷል ተባለ። ከጭቃው ወጣ፤ ሞተሩ ተበላሸ ተባለ። እኔና ጎረቤቴ በመልኳ እንጣላለን። እኔ ከሲታ ናት፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያላት ትመስለኛለች እላለሁ። እሷ ደግሞ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ወንድ ታስደነግጣለች ትላለች።

መኪናው በመጨረሻ አንድ ሐሙስ መጣ። በቀን ነው የሚታየው፤ መጋዘኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሁሉ በጆንያ ተደፍኖ። አሁን ደግሞ የሠራሁትን ስሙ። ይኸን ሁሉ ጊዜ ከሰው ዓይን የደበቅሁትን ልጄን ከማማው ላይ ጠርቼ፣ እጁን ይዤ፣ ከፊት ወስጄ አስቀመጥሁት። እኔው! «እየው» አልኩት። «ልጅ እንዴት እንደሚደበቅ እየው። ያ ልጅ ድንች ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ ትንፍሽ አይልም። አንተ ግን ጫማ ትለኛለህ።» ከፊልሙ ልብ ያገኛል ብዬ ነው። እናትየዋን ካያት እኔን ታግዘኛለች ብዬ ነው። ከኔ የዶሮ ጭንቅላት ይሻላል።

ሞተሩ ተንደቀደቀ፣ ግድግዳው ላይ በሰቀሉት አንሶላ ላይ ብርሃን መጣ፣ ሴትዮዋ ወጣች።

ምን ልበላችሁ? ጉንጯ እንደ ሽንኩርት ሞልቷል! ተራብኩ ትላለች፤ ፀጉሯ ግን ተበጥሮ ያበራል። ቀሚሷ ነጭ፣ ጭቃ ውስጥ ትሠራለች፣ ጭቃ አይነካትም። ከራብ ወድቃ ተነሥታ ኮረብታ ሮጣ ትወጣለች። የራበው ሰው ሲሮጥ እኔ አላየሁም፤ እኔ ያየሁት የራበው ሰው ዝንቡን ከዓይኑ ማባረር ሲያቅተው ነው። ስታለቅስ ሁለት ዘለላ ብቻ፣ አንድ በዚህ አንድ በዚያ፣ ልክ እንደተለካ። ዘፈኑን ደግሞ ተዉት። ውኃ ስትቀዳ ትዘፍናለች፣ ባሏ ሲሞት ትዘፍናለች። ድምፅ ማጉያ የያዘው ከመኪናው ጋር የመጣው ሰውዬ በአማርኛ ይተረጉማል፤ እናትየዋም እሱ፣ ልጁም እሱ፣ ወታደሩም እሱ፣ ሁሉም በዚያ በጎረነነ ድምፁ። «ውድ እናቴ ሆይ» ይላል እያዛጋ።

እኔ ይኸን ሁሉ ችዬ ድንች ጉድጓዱን እጠብቃለሁ። ጉድጓድ የለም። ቀሚሱን እጠብቃለሁ። ቀሚስ የለም።

«የት ደረሰ ጉድጓዱ?» አለችኝ ጎረቤቴ በጆሮዬ።

«ቆይ ይመጣል» አልኳት።

የመጣው ምንድነው? ሴትዮዋ ጠዋት ልጇን ቀሰቀሰችው። እግሩን አጠበችው። ራሷ በእጇ የሰፋችውን የወታደር ልብስ አለበሰችው። ራሷ እጁን ይዛ አለቃው ዘንድ ወሰደችው። ተርጓሚውም በዚያ በሚያንቀላፋ ድምፁ፣ «ውሰዱት፤ ሌላ ቢኖረኝ እሱንም እጨምርላችሁ ነበር» አለ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ፈገግ! ከዚያ ዘፈነች። ልጁ ሞተ፣ ባንዲራ ተሰጣት፣ ባንዲራውን አቅፋ ዘፈነች።

ጥርሴን ነክሼ፣ «ሸርሙጣ» አልኩ። አላህ ይማረኝ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ጆንያው ከመስኮቱ ሲነሣ ካድሬው ከፊት ቆሟል። በሩ ላይ ሁለት ታጣቂ ቆሟል።

«እናቶች፣ አያችሁ? እናት ማለት ይህች ናት» አለ። ከዚያ ዓይኑ ዞሮ ዞሮ መጥቶ ልጄ ላይ አረፈ። «አንተ፣ ከፊት ያለኸው። ቁም እስቲ።»

ልጄ ቆመ። መቆሙ አያልቅም። ሲቆም፣ ሲቆም፣ ሲቆም።

«ዕድሜህ?»

ልጄ ወደኔ ዞረ። እኔ ቀድሜ፣ «አሥራ ሦስት ነው ጓድ» አልኩ።

«አሥራ ሦስት? ታዲያ ይሄ ጢም የማን ነው፣ ያንቺ ነው?»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴም ሳቀች። አልፈርድባትም፣ ሳቅ ያመልጣል። ካድሬው ጻፈ፤ ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ይቅረብ አለ። ጫማ ብሎ የነበረው ልጅ፣ ስሙ ሲጻፍ ጊዜ ከንፈሩ ነጭ ሆነ።

ከዚያ በቀጥታ አስተማሪው ጎጆ ሄድኩ። ከቀርከሃ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።

«መጽሐፉን አምጣ።»

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«አምጣ አልኩህ! ፊልሙን አበላሽተውታል። ቆራርጠው ጥለውታል። የጉድጓዱን ቦታ አሳየኝና ለካድሬው አሳየዋለሁ።»

ሰጠኝ። እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብኩ። ማንበብ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ አንዱ መስመር ላብ ያስጠምቀኛል። እ-ግ-ሩ-ን አ-ጠ-በ-ች-ው። ገለጥኩ። ው-ሰ-ዱ-ት አለች። ወደኋላ ገለጥኩ፣ ወደፊት ገለጥኩ። ጉድጓድ የለም። ድንች የለም። ፊልሙ ከመጽሐፉ አንዲት ነገር አላጎደለም።

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ የማን ናት?» አልኩት።

«ድምፅሽን ቀንሺ እትዬ።»

«ውሸታም!»

«አዎ» አለኝ። ሳል አቋረጠው። «የመጀመሪያውን ቀን እንዳለ አነበብኩላችሁ። ማንጎ እየለቀማችሁ ሄዳችሁ። በሳምንቱ ደበቀችው አልኩ፤ አንድ ሰው አልተነሣም።»

ለዚሁ ነው! ክፍሉ ሰው እንዲሞላለት! እኔ በልጄ ሕይወት የተማመንኩባትን ሴትዮ እሱ ማንጎ ለቃሚ ማስቀመጫ አድርጓት ኖሯል።

«እሺ፣ ወንዝ ዳር ነው የተውካት። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ልጁን የት ታደርሰዋለች?» አልኩት። ንቄው ሳለሁ፣ መልሱን ግን ለመስማት አንገቴን አስግጌያለሁ። አይገርምም?

«እኔ እንጃ» አለ። «ገና አላሰብኩትም ነበር።»

መጽሐፉን ከእግሩ ሥር ወርውሬለት ወጣሁ።

ቅዳሜ የአገሬዎቹ፣ የበርታዎቹ ገበያ ነው። አንዲት የማውቃት የበርታ ሴት አለች፤ በመጣንበት ዓመት የቀርከሃ ቡቃያ እንዴት ተቀቅሎ እንደሚበላ ያሳየችኝ እሷ ናት። ቤተሰቧ ከገበያው ማዶ ወንዝ ወርዶ በገበቴ ወርቅ ያጥባል። እኛ የሰፈርንበት መሬት የነሱ ነበር፤ እምቢ ብትለኝ ምን እላታለሁ? ልጄን የበርበሬ ጆንያ አሸክሜ በጠራራ ፀሐይ እንደማንኛውም ገበያተኛ ሄድን። ጎረቤቴ በመንገድ አግኝታን፣ «በርበሬ ነው?» አለች። «በርበሬ ነው» አልኳት።

ለበርታዋ ሴት ነገሩን ነገርኳት፤ ቃሉ ሲያጥረኝ በእጄ። ልጄን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ረጅም ነው» አለችኝ፣ እኔንም አንተ እያለች። «ወንዝ ለረጅም ጥሩ ነው። አንተ አትፍራ። አንተ ሂድ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ልጅ የኔ ጋ ነው።»

ልጄ ጆንያውን አወረደና፣ «እማ፣ ቋንቋቸውን አላውቅም እኮ» አለኝ።

«ተማር» አልኩት። ሰው ባይኖር ኖሮ አለቅስ ነበር፤ ገበያ መሐል ነው፣ አላለቀስኩም።

ሰኞ ካድሬው ጠየቀኝ። ዝንጀሮ ሊጠብቅ እንደሄደ አልተመለሰም አልኩ። ሰደበኝ። ሦስት ቀን ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ አስቀመጡኝ። በሦስተኛው ቀን ታጣቂው መጥቶ፣ «ሂጂ፣ ቁጥሩ ሞልቷል» አለኝ።

ተነሥቼ እግሬን እየጎተትኩ፣ ደስ ብሎኝ፣ አዎ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። የጎረቤቴ በር ዝግ ነበር። ትንንሾቹ ልጆቿ ደጅ ቁጭ ብለዋል። በኩሩ የለም። በኔ ልጅ ቦታ ያን የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ ነበር የጻፉት፤ እኔ ከመለቀቄ በፊት በመኪና ወስደውታል።

ያንን ፊልም እስካሁን እሰድበዋለሁ። አስተማሪውንም ንቄዋለሁ፣ ካድሬውንም። ሰውን መናቅ ይቀለኛል። ጎረቤቴን ግን በአጥሩ ላይ ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር። በየቅዳሜው ከገበያ ስመለስ፣ «አገኘሽው?» ትለኛለች። «አላገኘሁትም» እላታለሁ። ታውቃለች። እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። ሴትየዋ አንድም ቀን ካድሬው ዘንድ አልሄደችም። አንድ ቃል ቢወጣት ልጄ አልቆለት ነበር፤ እኔ ደግሞ በየምሽቱ ዛሬ ትናገራለች እያልኩ የታጣቂ ኮቴ ሳዳምጥ ኖርኩ። እሷንም እንዲህ ብዬ ጠረጠርኳት።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ልጄ በቀትር በአምባው መሐል መንገድ በእግሩ እየሄደ መጣ። ትከሻው ሰፍቷል፣ በርታኛ ይቀላቅላል። የሷ ልጅ አልመጣም፤ ወሬውም አልመጣም። ቀድማ ያየችው እሷ ናት፣ ከወፍጮ ስትመለስ። ዱቄቷን መሬት አስቀመጠች። ጠጋ ብላ ትከሻውን ነካችው፣ ክንዱን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን።

ወደኔ ቀና አለችና፣ «ሙሉ ነው» አለችኝ። ዱቄቷን አንስታ ገባች።