ከመርከቧ ያልወረድኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ንፋስ መውጫ ላይ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ጣሪያዋ በውስጥ በኩል አንድ ትልቅ ሥዕል ተለጥፎበታል። ሰማያዊ ባሕር፣ ዘንባባ የበቀለበት ደሴት፣ ከደሴቱ ፊት ለፊት የቆመች ነጭ መርከብ። ውጭው ብርድ ነው፤ የሸራው ጫፍ እየተወዛወዘ ትከሻዬን ይመታኛል፤ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን የድንች ፌስታል በሁለት እጄ አቅፌዋለሁ። አንገቴን አቅንቼ ሥዕሉን ሳይ ሾፌሩ ለካ በመስታወት እያየኝ ኖሯል።

«እትዬ፣ ወደዱት እንዴ?»

«መርከቧን እያየሁ ነው።»

«መርከብ ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን።»

«እንዴት ነው ታዲያ? ደስ ይላል?»

«ያናድዳል» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሰው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በአንድ ሥዕል ምክንያት ይናደዳል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ቤቴ በር ላይ ስወርድ ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ያኔ ሲማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ላይ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሐይቅ ምን እንደሆነ፣ ደሴት ምን እንደሆነ በጠመኔ እየሳልኩ አስተምራለሁ። ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ደሴት ይባላል እላለሁ፤ በሕይወቴ ግን ዙሪያውን በውሃ ተከቦ ያየሁት ነገር ቢኖር በክረምት ጎርፍ መሃል የቆመ በግ ብቻ ነው። አንድ ቀን አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለችኝ። «ሌላ ጥያቄ ያለው?» ብዬ አለፍኩ። ያን ዕለት ግን አንጀቴ አርሮ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

አብራኝ የምትኖረው እናኑ ነበረች። የእስቴ ልጅ ናት፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት። አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተን፣ አንድ ምድጃ ላይ እየቀቀልን፣ አንዳችን የአንዳችንን ነጠላ እየለበስን እንኖር ነበር። እኔ ቶሎ የምቆጣ ነኝ፤ እሷ ቶሎ የማትናገር ናት። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንጣላ የኖርነው።

በዚያ ዓመት መስከረም መግቢያ ላይ ታመምኩ። ትርፍ አንጀት ኖሯል፤ እኛ ግን መጀመሪያ ብርድ ነው አልን፣ ቀጥሎ ጨጓራ ነው አልን። ክረምቱ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር መኪና አልነበረም። የሠፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ አወጡኝ። ከመንገዱ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ የቃሬዛው እንጨት ሲንቋቋ፣ የተሸካሚዎቹ ላብ ሽታ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አውርደውኝ የሰማሁት የውሃ ድምፅ። ወንዙ ሞልቶ ኖሮ እስኪጎድል እዚያው አቆዩኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ደብረ ታቦር ሆስፒታል ነጭ ጣሪያ ሥር ዓይኔን ስገልጥ፣ እናኑ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ እንቅልፍ ሲጥላት ነው።

ጥር ሲያልቅ፣ ትምህርት ቤቱ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው፣ እናኑ ከሰማይ ዱብ እንዳለ ሰው «ጣና እንሂድ» አለችኝ። «ደሴቶቹን የምታዞር መርከብ አለች አሉ። እንሂድና እንያት።» ከደብረ ታቦር አልፋ የማታውቅ ልጅ! ከደስታዬ ብዛት ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ስመለስ ለዚያች ተማሪ የምነግራትን እያሰብኩ ነበር።

በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀን ወጣን። እስከ ደብረ ታቦር በአይሱዙ ላይ ነው የሄድነው፤ አቧራው ቅንድባችንን አሽብቶት ነበር። በማግስቱ በአውቶብስ ቁልቁል ወደ ወረታ ስንወርድ ጋቢያችንን፣ ከዚያ ሹራባችንን፣ ከዚያ ካልሲያችንን አንድ በአንድ አወለቅን። የጉና ብርድ ያሳደገው ሰው ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያፍረው በለበሰው ልብስ ነው። ባሕር ዳር ገብተን የማንጎ ጭማቂ በማንኪያ በላን፤ እናኑ ብርጭቆውን ስትጨርስ «ይሄ መጠጥ ነው ምግብ?» ብላ አሳቀችኝ። ያ ሳቅ የጉዞው የመጨረሻ ሳቄ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ከወደቡ ነው። ሦስት ደሴት ዞራ በምሳ ሰዓት የምትመለስ ፈጣን ጀልባ ነበረች፤ እኔ እሷን ወደድኩ። እናኑ ግን የትኛዋ የት የት እንደምትቆም ስትጠያይቅ ቆይታ፣ ወደ ዳር የቆመችውን፣ ቀለሟ የተላጠውን፣ ከላይ ሸራ የተዘረጋባትን ትንሽ መርከብ አሳየችኝና «ይቺ ካልሆነች አልሄድም» አለች። ይቺኛዋ አራት ደሴት ትደርሳለች፤ ማታ ትመለሳለች። እሺ አልኩ። ሃያ የማንሞላ ሰዎች ነበርን፤ የሚበዙት ተሳላሚዎች፣ ሁለት ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች፣ አንድ ከነዶሮው የተሳፈረ ነጋዴ።

ውሃው ጠዋት ላይ ረግቶ ነበር። ፔሊካኖቹ ከጎናችን ይንሳፈፋሉ፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ሰው እጁን አውለበለበልን። ደሴት የምለው ነገር ከሩቅ መታየት ሲጀምር እውነቴን ነው የምላችሁ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወደ መጀመሪያው ደሴት ስንጠጋ የሎሚ ቅጠል ሽታ መጣ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ፣ ለመዝለል ቀሚሴን ሰብስቤ ስነሳ እናኑ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘች።

«ሙሉዬ፣ እዚህ አንውረድ።»

«ምን?»

«መጀመሪያ የምትረግጪው ሦስተኛው ይሁን። በፈጠረሽ።»

«ለምን ሲባል?»

«ከደረስን በኋላ እነግርሻለሁ። አሁን አትጠይቂኝ።»

ብቻዬን ልወርድ እችል ነበር። ግን ሆስፒታል ውስጥ እግሬ ሥር የተቀመጠች ልጅ ናት፤ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ወርደው፣ ተሳልመው፣ ሎሚ በነጠላቸው ቋጥረው ተመለሱ። ሁለተኛው ደሴት ላይም እንዲሁ። የመርከቧ ሠራተኛ ሳይቀር «እናንተ ምን ሆናችሁ ነው የማትወርዱት? ታማችኋል?» አለን። ለምሳ የተጠበሰ ዓሣ መጣ፤ ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ዓሣ ጾም ነው አይደለም በሚል ተሳፋሪው ሁሉ ሲከራከር እናኑ ሳህኔን ከፊቴ አንስታ በሶ በጠበጠችልኝ። በዓይኔ ዓሣውን እየሸኘሁ በሶዬን ጠጣሁ። ንዴቴ እስከዚህ ድረስ ገና እየሞቀ ነበር።

የሦስተኛውን ደሴት ስም እዚህ አልጽፈውም፤ መነኮሳቱ በከንቱ ስማቸው እንዲነሳ አይወዱም። በደን የተሸፈነ ነው፤ ከውሃው ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ደረጃ ወጣ ብሏል፤ ድንጋዩ ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እናኑ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ የእኔንም አጣፋችልኝ። ያን ጊዜ ሠራተኛው «ወንዶች ብቻ! ሴቶች እዚሁ ይቆዩ!» ብሎ ጮኸ።

«ምን አልክ ወንድም ዓለም?» አለች እናኑ።

«ሴት አይገባበትም። ከጥንት ጀምሮ እንደዚሁ ነው። አታውቁም እንዴ?»

አላወቅንም። ከሲማዳ ማን ይንገረን? እናኑ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ከመርከቧ ወርዳ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች። የሞተሩ ድምፅ የሚነጋገሩትን አላሰማኝም፤ እሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሲሰሟት፣ ከዚያ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ብቻ አየሁ። እናኑ እየሮጠች ተመለሰች።

«ሙሉዬ ነይ ውረጂ! እስከ ድንጋዩ ድረስ ይቻላል ብለውኛል አባ። እግርሽ ድንጋዩን ቢነካው ይበቃል አሉ።»

እኔ ግን የገነፈልኩት ያን ጊዜ ነው። «ሁለት ደሴት አስቀርተሽብኛል» አልኳት። «ዓሣዬን ሳይቀር አስጥለሽኛል። አሁን ደግሞ በማልገባበት ደጅ ቆሜ ድንጋይ ልርገጥ? ድንጋይ ወገዳ ሞልቷል!»

«አንድ እርምጃ ናት እኮ ሙሉዬ። አንዲት እርምጃ።»

«አልወርድም!»

«እባክሽ፣ ስለ እናትሽ።»

«አገር ሳታውቂ መንገድ መሪ የሆንሽ አንቺ ሳትሆኚ፣ ተከትዬሽ የመጣሁት እኔ ነኝ ቂሏ» አልኩና እግሬን አጥፌ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ይሰማል። ሽማግሌው ከተቀመጡበት በመቋሚያቸው እየተረዱ ተነሱ፤ የእጅ መስቀላቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ወደ እኔ ወደ መርከቧ አነሱት። አየኋቸው፤ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ። እናኑ ወደ እሳቸው ተመልሳ ጥቂት አነጋገረቻቸው። ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ፤ ወንዶቹ ተመለሱ፤ ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሳ። ማዕበሉ መርከቧን ይገፈትራት ጀመር፤ የነጋዴው ዶሮዎች ይንጫጫሉ፤ ካፒቴኑ አራተኛው ደሴት ቀርቷል ብሎ አፍንጫዋን ወደ ባሕር ዳር መለሰ። አራት ደሴት ብዬ ወጥቼ አንዱንም ሳልረግጥ መመለሴ ነው። እናኑ ከፊቴ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ተሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ይብስ ተናደድኩ፤ የተበደልኩት እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ!

«በይ አሁን ንገሪኝ» አልኳት። «ደርሰን የለም? ተመልሰናልም።»

ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። «መስከረም ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲያቆመን ትዝ ይልሻል?»

«ትንሽ።»

«አንቺ አታውቂውም። ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር። ተሸካሚዎቹ ርቀው ቆመው እየተንሾካሾኩ ነበር፤ የት ወስደን እንቅበራት ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ አንድ መነኩሴ ትዝ አሉኝ፤ ወገዳ ገበያ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያናቸው ቆርቆሮ ሲለምኑ የነበሩት። የዚያን የሦስተኛውን ደሴት ታምር ነግረውን ነበር። ታቦቱን ጠራሁና፣ እሷን ካተረፍክልኝ ይዣት እመጣለሁ፣ ሌላ ደሴት ሳትረግጥ በገዛ እግሯ መሬትህን አስረግጣታለሁ አልኩ። ከዚያ ውሃው ጎደለ።»

ለቆርቆሮው እናኑም እኔም ሰጥተን ነበር፤ መነኩሴው ሴት እንደማይገባ አልነገሩንም፣ ለነገሩ እኛም አልጠየቅናቸውም። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ስለት ሳይደርስ ይወራል? ደግሞ ለሞት ደርሰሽ እንደነበር ብነግርሽ ትፈሪያለሽ ብዬ።»

ተነስቼ ካፒቴኑ ዘንድ ሄድኩ። መርከቧ ስለምትወዛወዝ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። መልሰኝ አልኩት፤ አንዲት እርምጃ ብቻ፣ ድንጋዩን ነክቼ ልመለስ አልኩት። «እህቴ፣ ማዕበሉ አይታይሽም? ቅድም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመን ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆመን ነበር።

ወገዳ ተመለስን። ያቺ ተማሪ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ስለ ደሴት ሳስተምር ድምፄ ይቀንስ ነበር። እናኑ በዓመቱ አግብታ ወደ እስቴ ሄደች፤ እኔ ወደ ንፋስ መውጫ ተዛወርኩ። እሄዳለሁ እያልኩ ልጆች መጡ፤ ልጆቹ ሲያድጉ ሥራ፤ ጡረታ ስወጣ ደግሞ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ። ምክንያት ለፈለገ ሰው መቼም አይጠፋም። የደሴቱ ታቦት በዓል በደረሰ ቁጥር በተሳላሚ እጅ ጧፍ እልካለሁ፤ እግሬን ግን አልላክኩም። ከእናኑ ጋር በስልክ ስንገናኝ ስለ ልጆች፣ ስለ እህል፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም እናወራለን፤ ያን ቀን አናነሳውም። ስለቷን ያስቀረሁባት እኔ ነኝና እንዴት ብዬ ላንሳው?

ከባጃጇ የወረድኩ ዕለት ግን ድንቼን እንኳ ሳላስቀምጥ ደወልኩላት።

«እናኑዬ፣ ያ የደሴቱ ስለት ይህን ሁሉ ዘመን ከብዶሽ ይሆን?»

«የእኔ? ኧረ የእኔስ የዚያኑ ዕለት አልቋል» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «አልወርድም ስትይ ተመልሼ ለአባ ነገርኳቸው። አንቺ አድርሰሻታል ልጄ፣ መውረዱ የእሷ ነው ብለው ፈቱኝ።»

«ታዲያ ያን ያህል ለምን አለቀስሽ?»

«ላንቺ ነዋ።»

ይህን ያህል ዓመት ሳዝን የኖርኩት ለእሷ ነበር። በእኔ ግትርነት ሳይፈጸም የቀረ ነገር ተሸክማ የምትኖር እየመሰለኝ፣ ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር አንገቴን እሰብር ነበር። የቀረው የእኔ ድርሻ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም ብዬ እንኳ ራሴን ማጽናናት አልችልም። እናኑ እጄን ይዛ ለምናኛለች፤ ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነስተው መስቀላቸውን አንስተውልኛል። ፊቴን ወደ ውሃው ያዞርኩት እኔ ነኝ።