የንስሐ አባቴ እስር ቤት የመጡ ቀን

የባለቤቴ አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል በቀረች ስንጥቅ ነው። የማዳበሪያው ሽታ ከጭቃው አልወጣም፤ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ባልዲ ሽታ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። በሁለተኛው ቀን ነጠላዬም ያንኑ ሸተተ።

ውስጥ ከግሼ የመጡ አንዲት እናት አገኘሁ። ልጃቸው ከቤት ከጠፋ ወር አልፎታል፤ እሱ እስኪመጣ እሳቸው ይቀመጡ ተብለዋል። ጥቁር ልብሴን አዩና፣

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ።»

«ታዲያ ምን ቀረሽና ነው ያመጡሽ?» ብለው የለበሱትን የሱፍ ባና ግማሽ ወደ እኔ ገፉልኝ።

የቀረኝ ነገር ነበር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነበር። ኩላሊቱ ሲደክም የደብረ ብርሃን መንገድ ተዘግቶ፣ የከተማችን ጤና ጣቢያም መድኃኒት አልቆበት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነርስ አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ መጣልን። ይህ ሰው በየገጠሩ የቆሰለ ያክማል፤ የማን ወገን ነህ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ይፈለጋል። ባለቤቴን ሊያድነው አልቻለም፤ ግን አምስት ቀን አብሮት ተቀመጠ። ሲሄድ የሚያድርበትን ቤት ነገረኝ፤ ሰው ቢታመም እንድልክበት። አሳሪዎቼ የሚፈልጉት ስሙንና ያንን ቤት ነበር። ብናገር በሕይወት እንደማይተዉት አልተጠራጠርኩም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቢሮ ወሰዱኝ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ጨዋ አነጋገር አለው። ከጎኑ ወንበር ላይ የንስሐ አባታችን ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ በከተማችን ብርቱካን ያየ ሰው አልነበረም።

«እናቴ፣ እኛን እንቢ አልሽ» አለ መርማሪው። «እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ቆየሁ። አንቺ ግን ታምኛለሽ። ስለዚህ የምታምኛቸውን አመጣሁልሽ።»

ካህኑ በክርስትና ስሜ ጠሩኝ። ያንን ስም ከቤተ ክርስቲያንና ከኑዛዜ ውጪ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። እዚያ ቢሮ፣ በዚያ ሰው ፊት ሲጠራ ልብሴን የገፈፉኝ ያህል ተሰማኝ።

«ግሉኮሱን ኮት መስቀያ ላይ የሰቀለው ሰው ማነው?» አለ መርማሪው። «የትስ ነው የሚያድረው?»

ኮት መስቀያው። ግሉኮሱ በተሰቀለበት ሰዓት በዚያች ክፍል የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንዱ ሞቷል። አንዱ ይፈለጋል። አንዷ እኔ ነኝ። አራተኛው ለበሽተኛው ሊጸልዩ የመጡት ካህን ናቸው። ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ብርቱካኑን አዩ።

«ብዪ፣ ልጄ» ብለው አንድ ክፋይ ዘረጉልኝ። ጭማቂው በጣታቸው ወርዶ በዚያው እጃቸው የያዙትን መስቀል አርሶታል። አምስት ቀን ሙሉ ከደረቅ ዳቦ በቀር አልቀመስኩም። አፌ ውሃ ሞላ። ተቀበልኩና በላሁ። እስካሁን ከሁሉ በላይ የምጸየፈው ያንን ነው፤ ጣፈጠኝ።

«እውነት ተናገሪ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ሁሉን ያውቃል።»

«ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ፣ አባቴ፣ የምነግረው ለማን ነው?»

መርማሪው ሳቀ። «የመምህር ሚስት አይደለች!»

ካህኑ አልሳቁም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ጥያቄ በገበታችን ላይ ስንት ጊዜ ጠይቋቸዋል። «እግዚአብሔር አእምሮ የሰጠን እንደ ሰርግ ልብስ ሣጥን ውስጥ እንድናኖረው ነው እንዴ፣ አባ?» ይላቸው ነበር። እሳቸው ጠላቸውን እየጠጡ ይስቃሉ። የማፍረው እኔ ነኝ። ሲሄዱ «ዝም ብለህ አታምንም?» እለዋለሁ። እምነት ማለት አለመጠየቅ ይመስለኝ ነበር።

መርማሪው ለስልክ ተጠርቶ ወጣ። ካህኑ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እኔም ልጆች አሉኝ» አሉ በሹክሹክታ። የመርማሪው ጫማ ድምፅ ሲመለስ ቀና ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እስከ ነገ ጠዋት ካልተናገርሽ ገዝቼሻለሁ። በባልሽ ሰማንያ ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ አታገኚም። ነፍሱ በአንቺ ምክንያት ትጉላላለች፤ እወቂው።»

ወደ ክፍሉ ተመልሼ ባልዲው ላይ ተደፋሁ። ምንም አልወጣልኝም። የግሼዋ እማማ ጀርባዬን እያሹ የሆነውን ጠየቁኝ፤ ስሙን ትቼ ሌላውን ነገርኳቸው። ከባልዲው አንሥተው አስቀመጡኝና፣

«ቄሱ በማን መኪና ነው የመጡት?» አሉኝ።

«በእነሱ ይመስለኛል።»

«እንግዲያውስ መልእክቱም የእነሱ ነዋ።»

«ግዝት ነው፣ እማማ። ነፍሱ ነች።»

«አውቃለሁ። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ አልፈርድም። ግን ገብሴን በረዶ የመታው ጊዜ፣ ሁለት ልጅ የቀበርኩ ጊዜ ከእግዚአብሔር ጋር ተያይተናል። አንድም ቀን የሰው ስም አምጪ ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያ ባናውን ተከናንበው ተኙ፤ ሰዓቱ ገና ከቀኑ ስምንት እንኳ አይሆንም።

እኔ ከስንጥቁ ሥር ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ተማሪዎቹን ሲያስተምር «የተባለው እውነት ነው ብለን እንነሣ፤ የት እንደሚያደርሰን እንይ» ይል ነበር። ካህኑ ያሉት እውነት ነው ብዬ ተነሣሁ። እንግዲያው እግዚአብሔር ባለቤቴን የሚምረው ነርሱ ሲያዝለት ነው። ሊያድነው አራት ሰዓት የተጓዘው ሰው ሲሞትለት። ከዚህ አልፌ መሄድ አቃተኝ። እንዲህ ያለውን አምላክ መለመን ቀርቶ ደጄ ቢመጣ በር እዘጋበታለሁ። ስለዚህ ካህኑ ያሉት እሱ እግዚአብሔር አይደለም።

ይህን ማሰቤ ግን ፍርሃቴን አላጠፋልኝም። ተሳስቼ ቢሆንስ? ከተሳሳትኩ ቅጣቱ በእኔ አይደለም፤ መልስ መስጠት በማይችለው በባለቤቴ ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ አለቀብኝ። የቀረችውን መንገድ በማመን መሄድ ነበረብኝ። ያን ቀን ያመንኩትን ያህል በሕይወቴ አምኜ አላውቅም፤ ምቾት ግን አልነበረበትም።

በማግስቱ ጠዋት ካህኑ በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። መስቀሉ ተጠርጓል። መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅቷል።

በእኛ አገር የንስሐ አባት ዝም ተብሎ አይተውም። አገር የሚለቅ ሰው ቀርቦ ያሰናብቱኝ ብሎ ይለምናል፤ ተመርቆ ይሄዳል። እዚያው እየኖረ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እንደ ወጉ እጅ ነሣሁ።

«አባቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የንስሐ ልጅዎ ሆኜ ኖሬአለሁ። ስላደረጉልን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያሰናብቱኝ።»

የያዙት መስቀል ጉልበታቸው ላይ ወረደ።

«ምን አለች?» አለ መርማሪው እስክሪብቶውን አንሥቶ። «ስም ነው?»

«ስም አልተናገረችም» አሉ ካህኑ። እንዳሰናበቱኝም እንዳላሰናበቱኝም አልነገሩኝም። እኔ ግን ወጥቼ ከበሩ ውጪ ከቆመው ጠባቂ አጠገብ ቆምኩ፤ ወደ ክፍሌ እስኪመልሰኝ።

የባለቤቴ ሰማንያ እዚያው ሆኜ አለፈ። ፍትሐት አልተደረሰም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ያለ ምንም ወረቀት ውጪ አሉኝ። እማማ እዚያው ቀሩ። ነርሱ አልተያዘም ነበር። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ አልጠይቅምም።

ካህኑ አሁንም ያገለግላሉ። ልጆች እንዳሏቸው አልረሳሁም፤ መፍራታቸው አይገርመኝም። ግን ስብከታቸው በድምፅ ማጉያ ወደ ቤቴ ሲገባ ሥራዬን ትቼ መስኮት እዘጋለሁ። ታርቄ እንድቀመጥ ጎረቤቶቼ ይመክሩኛል። የባለቤቴ እኅት በየጊዜው «ነፍሱስ?» ትለኛለች። ድሮ ቢሆን ለዚህ የሚሆን መልስ ከአፌ አይጠፋም ነበር። አሁን አላውቅም እላታለሁ፤ ታለቅሳለች፤ አብረን እናለቅሳለን።

ሌላ የንስሐ አባት አልያዝኩም። ጠዋት ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። የምለው ጥቂት ነው። ባለቤቴን ማርልኝ እላለሁ። ከዚያ መልስ እንዳገኘ ሰው ሳልሆን፣ ገና እንደሚጠብቅ ሰው ሆኜ ወደ ሥራዬ እገባለሁ።