ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ቆዳ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሸራ ከሚሰፉት መካከል እኔን የሚያህል አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ በጊዜው የነበሩ ሰዎች ቢጠየቁ ከዚህ አብልጠው ይናገራሉ። የሎሪ ሸራ፣ የስደተኛ ድንኳን፣ የሰሊጥ ጆንያ፣ የሹፌር ወንበር ልብስ፣ ሁሉንም እሰፋ ነበር። ከሾዋክ ከተማ ድረስ ሥራ ይመጣልኛል። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዋን የስፌት መኪናዬን በሙሉ ፈታትቼ መልሼ ስገጥማት አንዲት ብሎን ተርፋኝ ነበር፤ መኪናዋ ያለ እሷም ሠራች፣ እንዲያውም ጩኸቷ ቀነሰ። የዐረብ ፊደል የተማርኩት ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ነው። ሕክምናም ቢሆን ከሬዲዮና ከመድኃኒት ካርቶን እየለቀምኩ ብዙ ዐውቃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ዘር መቁጠር ዐውቃለሁ። በኛ አገር፣ በጎንደር፣ መሬት በዘር ነበር። ርስት የሚፈልግ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ መድረስ ነበረበት። እኔ ጢም ሳላበቅል ጀምሮ ችሎት እየተቀመጥኩ የሰውን ሁሉ ክርክር ስሰማ ስላደግሁ፣ ተከራካሪው የገዛ ቅድመ አያቱ ሲጠፋበት ከኔ ይጠይቅ ነበር። ደርግ መጥቶ መሬት የሕዝብ ነው ሲል ይህ ዕውቀት ባንድ ቀን ሥራ ፈታ። መሬት ካላስገኘ የእናቱን እናት ማን ያስታውሳል? ለጋብቻ የሚፈለገው ሰባት ቤት እንኳ በአባት በኩል ብቻ ተነብንቦ ይታለፍ ጀመር። በመተማ አድርጌ ገዳሪፍ ስገባ ይዤው የመጣሁት ሀብት ይኸው ቆጠራና ሁለት እጄ ነበር።

ከግቢዬ ጎን አንድ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ሁለት የሣር ቤት አላቸው፤ ከፊቱም ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት ዳስ አለ። አባትየው ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል፣ የደጋ ልጅ ነው። ሚስቱ የመተማ ቆላ ልጅ ናት። የተገናኙት እዚሁ ሱዳን፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው። እናቱ አብረዋቸው ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው እማማ ይላቸዋል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ያኔ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

ልጅቱ እንደተወለደች እማማ እንደ ወጉ ቅቤ እየቀቡ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያሞቋት ነበር፣ አጥንቷ እንዲጠና። የኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ እኔም የጠናሁት በዚያው ነው። ይቺ ግን ጥቂት በሞቀች ቁጥር ትቀላለች፣ ውሃ ትቋጥራለች፣ ዓይኗን ጨፍና ስታለቅስ ትውላለች። እማማ ምች ነው አሉ። በድንበሩ በጋላባት በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ዳማከሴ እያስመጡ አሹላት። ቁስሉ ሲደርቅ፣ "ተሽሏታል፣ አሁን ትሙቅ፤ በጥላ ያደገ ልጅ ድንጋይ ሥር እንደበቀለ ሣር ገርጥቶ ይቀራል" ይሉና መልሰው ያወጧታል። ድክ ድክ ስትል ፊቷ ጥቁር ጤፍ የተበተነበት መሰለ። ከዚያ ቆዳዋ እንደ አሮጊት ደረቀ። በመጨረሻም አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የማይድን ቁስል ወጣና እያደገ ሄደ።

ሰው ቁምጥና ነው ይል ጀመር። እኔ ቁምጥና እንዳልሆነ ገና ሳየው ዐውቄያለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን መርምሬ አልጨረስኩም ነበር። አባትየውን "ሆስፒታል እንውሰዳት፣ ዐረብኛውን እኔ እናገርልሃለሁ" አልኩትና ሰው እንዳያያት ሸፋፍነናት በጠዋት ሄድን።

ዶክተሩ የቆዳ ሐኪም ነው፣ ሱዳናዊ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። ልጅቱን ሲያይ በመጀመሪያ ያደረገው መስኮቱን መዝጋት ነው። ቁስሉን ቆርጦ አወጣ፣ ቁራጩንም ለምርመራ ላከ። ሌላ ቀን ስንመለስ ነቀርሳ መሆኑን ነገረን። ቀጥሎም፣ "ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ናቸው?" ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩ።

አባትየው ተቆጣ። "እኛ ሰባት ቤት ሳንቆጥር አንጋባም በለው፣ ጋሼ። እንደነሱ የአጎታችንን ልጅ አናገባም በለው።"

ነገሩን አለስልሼ ላስተላልፍ ስል ዶክተሩ ቀደመኝ፤ አማርኛውን ባይሰማም ፊቱን አንብቦታል። "የኔ ሚስት የአጎቴ ልጅ ናት" አለ እየሳቀ። "ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ኳስ ሲራገጡ ይውላሉ። ዝምድና በሽታ አይፈጥርም፣ ያ ዐም። ተደብቆ የኖረ ካለ ግን ያገናኘዋል።" ያ ዐም ማለት አጎቴ ሆይ ማለት ነው፤ ያከብረኝ ነበር።

ከዚያ አስረዳን። ፀሐይ የሁላችንንም ቆዳ ከውስጥ ትጎዳለች፤ ሰውነት ደግሞ የተጎዳውን ሁልጊዜ ይጠግናል። የዚህች ልጅ ሰውነት መጠገኛው የለውም። የተጎዳው እንደተጎዳ ይቀራል፣ ሲጠራቀም ነቀርሳ ይሆናል። መጠገኛው ከአባትም ከእናትም ይወረሳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ስለሚሠራ ባለቤቱ ሳያውቀው ኖሮ ይሞታል። የሚታመመው ከሁለቱም ወገን የተበላሸው የደረሰው ልጅ ነው፤ ከእንዲህ ያሉ ወላጆች በየወሊዱ ከአራት አንድ ዕጣ አለ። መድኃኒት የለውም። ፀሐይ ካላገኛት ትኖራለች፤ ካገኛት ቁስሉ ይመለሳል፣ አንድ ቀንም ይገድላታል።

ወዲያው ገባኝ። ዶክተሩ ገርሞት "የት ነው የተማርከው?" አለኝ።

"ስፌት መኪና ላይ" አልኩት።

እማማ ግን ከዚህ ሁሉ የሰሙት "ይወረሳል" የሚለውን ብቻ ነው። "በኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። የቆላ ደም ይዛብን መጣች" አሉ። ልጃቸው ተነሥቶ ወደ ትራክተሩ ሄደ። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ሆኖ ሳይወለድ ትሂድልን ተባለ። ወንድሟ ወድ ኤል ሒለው መጠለያ ውስጥ ነበር። ሽማግሌ ተሰብስቦ ፍቺውን ሲጨርስ በሚቀጥለው ሎሪ ልጅቱን ይዛ ልትሄድ ነው።

ሚስትየው አጥር ላይ መጥታ፣ "ጋሼ፣ እኔን ይፍቱኝ፣ ግድ የለኝም" አለችኝ። "ግን ሎሪው ክፍት ነው። ከንጋት እስከ ማታ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው የምንሄደው። ወንድሜ ያለበትም ድንኳን ሳስቶ ሰማይ የሚያሳይ ነው። እሷን በምን አድርጌ ላድርሳት?"

"ተይው፣ የአባትሽን እናት ንገሪኝ" አልኳት።

"ምን?"

"የአባትሽ እናት የማን ልጅ ናት?"

ግራ እየገባት ነገረችኝ። የአባቷ እናት አባት ከደጋ የወረደ ጥጥ ነጋዴ ነበር፤ ቆላ ሚስት አግብቶ ቀረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጆሮው የተቆረጠ እንደነበር ግን ነገረችኝ። ይህ በቃኝ። የእማማን ደብር ሰው ስሰማ ነው ያደግሁት፤ ከዚያ ደብር ስለወጣ አንድ ባለ አንድ ጆሮ ሰው የርስት ክርክር ችሎት ላይ ሰምቼ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ረፋድ ላይ ራኩባው ሥር ተቀመጡ። የንስሐ አባታቸው ቄስ፣ ሁለት የአገር ሰዎች፣ ባልየውና እማማ ነበሩ። ሚስትየውና ልጅቱ ቤት ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። እኔ አልተጠራሁም፤ ዳሙሪያ የሚሉትን የሱዳን ጥጥ ጨርቅ ቁርጥራጭ ይዤ ገባሁ።

"ጨርቅህን ስፋና ብላ" አሉኝ እማማ። "የሰው ዘር ምን አገባህ?"

"ይናገር እስቲ" አሉ ቄሱ። "ባይናገርም አይሄድም።"

ሁለት የተለያየ ጨርቅ ደርቤ ወደ ፀሐይ ዘረጋሁ። "ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ሽፋን ነው" አልኩ። "አንዱ ከአባት ነው፣ አንዱ ከእናት። ይኸው፣ ይኼኛው እዚህ ጋ ክሩ ዘሎ ቀዳዳ አለው። ያኛው ግን ይሸፍነዋል። ፀሐይ አልገባም።" ቀጥዬ ከአንድ ጣቃ የቆረጥኳቸውን ሁለት ቁራጭ ደረብኩ። ጣቃው ሲሸመን በዳሩ በኩል ክር የዘለለበት ስለነበር ሁለቱም ቀዳዳቸው አንድ ቦታ ነው። ብርሃኑ አልፎ ቄሱ ጉልበት ላይ ዐረፈ። "ከአንድ ጣቃ ሲሆን ቀዳዳው ከቀዳዳው ይገጥማል።"

"ከአንድ ጣቃ ናቸው ለማለት ነው?" አለ ባልየው።

እኔ ወደ እናቱ ዞርኩ። "እማማ፣ የእናትዎ አባት ስንት ጆሮ ነበራቸው?"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እማማ አልሳቁም። "አንድ። ምን ልትል ነው?"

"የት ሞቱ?"

"ለጥጥ ቆላ ወርደው ንዳድ ገደላቸው። እናቴ ገና ሕፃን ሳለች።"

"ማን ቀበራቸው?"

ከመጋረጃው ጀርባ የሚስትየው ድምፅ መጣ። "አያቴ ናት የቀበረቻቸው። ልጃቸው ናት። ሸምግለው ነው የሞቱት።"

ከዚያ በኋላ ቆጠራው ቀላል ነበር። የባልየው እናት እናትና የሚስትየው አባት እናት ከሁለት ሚስት የተወለዱ ያንድ ሰው ልጆች ናቸው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "በርስት ጊዜ ቢሆን እኮ ይህች ልጅ በሁለት በኩል ድርሻ ነበራት" አለ።

"ደርሷታል እኮ" አለ ሌላው።

ያኔ ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያማ ሰባት ቤት ቀርቶ አራት እንኳ አልሞላም። ይህ ጋብቻ መፍረስ አለበት።"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ዝም አልኩ። ዐዋቂ ሰው መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል።

እማማ ሁለቱን ቁራጭ ከእጄ ወሰዱና ተነሥተው ራሳቸው ወደ ፀሐይ ዘረጉ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ወደቀ። "ቀዳዳው በኔም በኩል ነው የመጣው?"

"ከአያትዎ ለእናትዎ፣ ከእናትዎ ለርስዎ፣ ከርስዎ ለልጅዎ።"

"ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ያወጣኋትም እኔ ነኝ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ጨርቁን አጥፈው ተቀመጡና ወደ ቄሱ ዞሩ። "አባቴ፣ እኔ ነኝ ትፈታ ያልኩት። አሁን አትፈታም። ያቺ ልጅ በአባቷም በእናቷም ከአያቴ የመጣች ናት። ሁለት ጊዜ የኔ የሆነችን ልጅ ሎሪ ላይ አልጭንም።"

"ሕጉስ?" አሉ ቄሱ።

"ሕጉን ሳያውቁ ነው የገቡበት። ኃጢአቱ ሳይቆጥሩ የዳሩት ነው፤ የዳርኩትም እኔ ነኝ። ስግደቱን ለኔ ይስጡኝ።"

"በዚህ ጉልበትዎ?"

"ልጄ ያነሣኛል።"

በመጨረሻ ቄሱ ባልና ሚስቱ እንዲጾሙ፣ እማማም አቅማቸው እንደፈቀደ እንዲሰግዱ አዘዙና ጋብቻውን አላፈረሱም። ሎሪው ያለ እነሱ ሄደ። ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ራኩባው ሥር ማን እንደሳቀ ትጠይቅ ነበር።

እኔ ያደረግሁትን እዘረዝራለሁ፤ ሌላ ሰው አይዘረዝርልኝም።

ባለ ሁለት ሽፋን፣ ቆብ ያለው ካባ እስከ ጣቷ ጫፍ ሰፋሁላት። ሽፋኖቹን ከተለያየ ጣቃ ነው የቆረጥኳቸው፤ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ባደገች ቁጥር ሌላ ሰፋሁ።

የብየዳ መነጽር መስታወት ቆቡ ላይ ገጠምኩ፤ መንገድ እንድታይ።

ራኩባውንና ሁለቱንም ቤት በሎሪ ሸራ ለበድኩ። እኩለ ቀን ላይ ውስጥ ገብቼ ብርሃን የሚያስገባውን የመርፌ ቀዳዳ ሁሉ እየፈለግሁ ደፈንኩ።

የሰፈሩ ልጆች ካባዋን መጎተት እንዲተዉ አደረግሁ። እንዴት እንዳደረግሁ አይጻፍም።

ሁለተኛው ወንድ ሆነ። ዶክተሩ አይቶ ደህና ነው እስኪል እማማ ደጅ አላወጡትም፤ ዛሬም ፀሐይ ላይ ይሠራል። ይህ የኔ ሥራ ባይሆንም በኔ ምክር የተደረገ ነው።

ከዚያ ወዲህ ገዳሪፍ ውስጥ የኛ ሰው ሊጋባ ሲል በእናትም በኩል እንድቆጥር ወደኔ ይመጣ ጀመር። ሁለት እጮኛ አለያየሁ። ረገሙኝ።

አፍንጫዋን ማዳን አልቻልኩም። ዶክተሩ ደጋግሞ ቆርጧል፣ ጫፉ ሄዷል፤ አንድ ዓይኗም ደክሟል።

ስፌት አስተማርኳት። ደርግ ወድቆ ሰው ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ሲጭን፣ ለመንገዱ የምትለብሰውን ካባ ራሷ ቆርጣ ራሷ ሰፋች። አገላብጬ አየሁት፣ ወደ ፀሐይም ዘረጋሁት፤ ምንም አያሳልፍም። ስፌቷ ከኔ ይጠብቃል የሚሉ አሉ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።