ሻካራው አልበም

ነጋሳ አዳማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ሳክስፎን ሲነፋ ነው ፀጉሩ የሸበተው። የሰርግ ምሽት፣ የምረቃ እራት፣ የስብሰባ መዝጊያ፣ የእሱ ለስላሳ ሳክስፎን ያልገባበት ድግስ የለም።

አምና ክረምት ፍራንኮ አካባቢ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ነፍሱ ተረፈች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ግን ረገፉ፣ ከንፈሩም ተሰፋ። ጥርሱን ቢያስተክልም ከንፈሩ እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። ሳክስፎኑን ሲነፋ ትንፋሹ ያፈተልካል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም እንደ በሬ ያገሳል። ባንዱ ሌላ ሰው ተካበት። ነጋሳም ሳክስፎኑን አልጋ ሥር ከተተው። ነገሩ ምን ያህል እንደጎዳው ለሚስቱ ለዘርፉ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከጎረቤት ግቢ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ድራም የምትመታው የወንጂ ልጅ ኦብሴና ጊታር የሚጫወተው ኢሊያስ ይለማመዱ ነበር። ጃዝ ነው፤ ግን ይጣደፋል፣ ይጮኻል። እነሱ ፐንክ ጃዝ ይሉታል፤ ሰፈሩ ደግሞ የእብድ ሙዚቃ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ነጋሳ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ማንም አይሰማኝም ብሎ ሳክስፎኑን አውጥቶ አብሯቸው ነፋ። ድንገት ድራሙ ቆመ። እሱ ግን ልብ ሳይል ቀጠለ።

ኦብሴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «ጋሽ ነጋሳ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ይቅርታ ልጄ፣ አበላሸሁባችሁ።»

«ኧረ ይድገሙት! ስንፈልገው የከረምነው ድምፅ ነው።»

«ይሄ እኮ ድምፅ አይደለም፣ ጉዳት ነው።»

«እሱኑ ይንፉልን።»

ወራት አብረው ተለማምደው አልበም ለመቅረጽ ስቱዲዮ ገቡ። ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ድምፅ ቀራጩ ማናሴ ሥራውን አቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ድምፅዎ ይሰበራል። በኮምፒውተር ላስተካክለው?»

ነጋሳ ያን የድሮ ድምፁን ስንት ጊዜ ተመኝቶት ነበር! «እስኪ መጀመሪያ አሰማኝ» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሙሾም ቁጣም ነበረበት፤ ሆቴል ውስጥ በነፋባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«ተወው፣ አትንካው» አለ።

አልበሙ «ሻካራ» ተብሎ ወጣ። የሆቴሉ ሰዎች «ነጋሳ ለየለት» ብለው ሳቁ። ባቱ ያሉ ወጣቶች ግን ወደዱት፤ መጥታችሁ ተጫወቱልን ብለው ጠሯቸው።

ዘርፉ የመዘምራን መዝሙር እንጂ ዘፈን አትወድም። ቢሆንም ስልኩን ተቀብላ አልበሙን ሰማች።

«ጩኸት ነው» አለች። ሦስተኛው ሙዚቃ ላይ ስትደርስ ግን ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ይሄ ያኔ ከአደጋው በኋላ የሆንከው ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«እንዲህ አሞህ ነበር?»

ነጋሳ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ዘርፉ እጁን ይዛ ሙዚቃውን እንደገና ከፈተችው።