አማቷ ያወጡላት ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመርሳ ከተማዋን የየሻረግን ስም ግን ያወጡት አማቷ ናቸው። ከሲሪንቃ በሙሽርነት በገባች ማግስት፣ እንደ አገሩ ወግ፣ አገላብጠው ሳሟትና «ከዛሬ ጀምሮ የሻረግ ነሽ» አሏት። ሙሽራ ደግሞ አንገት መድፋት እንጂ መልስ መስጠት አታውቅም። አባቷ ያወጡላት ፋንቱ የሚለው ስም እዚያው ሲሪንቃ ቀረ። ጎረቤቱም፣ ልጇም፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏም የሻረግ ሲሏት፣ እሷም «አቤት» ስትል ኖረች።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ህሊና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደረሰች። ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ነው፣ ነገ ጠዋት ግቢ ብለዋታል። «እማዬ፣ አንቺ ሳትመጪ አልገባም» ብላ አለቀሰች። የደሴው መንገድ ስለተዘጋ ከላሊበላ የሚነሳ የአውሮፕላን ትኬት በስልኳ ቆርጣ ላከችላት። የአያቷን ስም ጨምራ «የሻረግ ሀብቴ» ብላ ሞላች። የገዛ እናቱን ስም ማን ይጠይቃል?

ከወልድያ ያመጣት ሚኒባስ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አውርዷት ተመለሰ። የሻረግ ፍተሻውን እንደምንም አለፈች። ጫማ አውልቂ ሲሏት አወለቀች፤ ለአራስ የያዘችውን ቅቤ ክፈቺ ሲሏት ከፈተች። ነጠላ አንገታቸው ላይ ጣል ካደረጉ ፈረንጆች ኋላ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ፅዮን የምትባል ወጣት ትኬቱንና መታወቂያውን አስተያየች፤ ደግማ አስተያየች።

«እናቴ፣ ይሄ መታወቂያ የማን ነው?»

«የኔ ነው እንጂ ልጄ።»

«ፋንቱ ይላል እኮ። ትኬቱ ደግሞ የየሻረግ ነው።»

መታወቂያ ስታወጣ የቀበሌው ሰው አባትሽ ያወጡልሽን ስም ንገሪኝ ብሏት ነበር፤ እውነቱን ነገረችው። አሁን ያ እውነት ጠላት ሆነባት። የአማቷን ነገር፣ የሙሽርነቱን ነገር አስረዳች፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ፅዮን ክፉ ልጅ አይደለችም። የገዛ እናቷም አማት ያወጡላቸው ስም አላቸው። ግን ኮምፒውተሩ አማት የለውም።

«ትኬቱን የቆረጠችው ልጅዎ ታስተካክለው። ልንዘጋ ነው» አለችና በየሻረግ ስልክ ለህሊና ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ከአየር መንገዱ ነው፤ የየሻረግን ትኬት ይዘው የመጡ ፋንቱ የሚባሉ ሴት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አለች ህሊና ደንግጣ። «የእናቴ ስልክ አንቺ ጋ ምን ይሠራል? እናቴ የሻረግ ናት። ፋንቱ ነኝ የምትል ሴት ከመጣች እንዳታሳልፏት፤ የእናቴን ትኬት ሰርቃ ነው።»

ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩዋት። የሻረግ ፊቷ ተቃጠለ። በኋላዋ ጥበቃ የቆመበት በር፣ በፊቷ መስታወት፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሰዎች ወደ አውሮፕላኑ እየሄዱ ነው። ቅርጫት እንደተደፋባት ዶሮ መሄጃ አጣች። በአማቷ ተናደደች፤ በሞተ ሰው መናደድ ሐጢአት ነው ብላ ደግሞ አማተበች። የባሰ የተናደደችው ግን በራሷ ነው። ስልኩን ከፅዮን እጅ ወሰደች።

«ህሊና፣ እኔ ነኝ። ፋንቱ ማለት እኔ ነኝ።»

ነገሩን እስክታስረዳት፣ ህሊናም ትኬቱን የሸጡላት ዘንድ ደውላ ስሙን እስክታስለውጥ፣ መስኮቱ ተዘጋ፤ አውሮፕላኑም ተነሳ። የሚቀጥለው ነገ ከሰዓት ነው። ፅዮን ወንበር አምጥታ አስቀመጠቻትና «ይቅርታ እናቴ» አለች። ምን ታድርግ?

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ህሊና እያለቀሰች ነበር።

«እንዳታሳልፏት ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፣ እማዬ። ስምሽን እንዴት ሳትነግሪኝ?»

የሻረግም ልታለቅስ ነበር፤ ለልጇ ብላ ዋጠችው።

«ማንም አልጠየቀኝማ፣ ልጄ» አለች። «በይ አይዞሽ። ነገ ያለእኔ ትገቢያለሽ።»